ከጡረታ ዕድሜ በፊት ሥራ አቁሞ ከእንግሊዝ መውጣት፦ የሕክምናው ጉዳይ ደረጃ በደረጃ

ሃያ፣ ሠላሳ ዓመት እንግሊዝ ሀገር ሠርተዋል። የቤቱ ዕዳ ተከፍሎ አልቋል፣ ወይም ሊያልቅ ነው። ልጆች አድገዋል። ገና 57 ወይም 58 ዓመትዎ ነው፤ ግን በቃኝ ብለዋል። ስፔን ፀሐይ አለ። ፖርቱጋል ኑሮው ረከስ ይላል። አዲስ አበባ ደግሞ ዘመድ አለ። ስለ ቤት ኪራይና ስለ ታክስ ብዙ ይወራል። «ብታመም ማን ያክመኛል?» የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ የሚነሳው ሻንጣው ከታሰረ በኋላ ነው።

ይህ መመሪያ የብሪታንያ ፓስፖርት ይዘው፣ የመንግሥት ጡረታ (ስቴት ፔንሽን) ሳይደርስ ሥራ አቁመው ውጭ ሀገር መኖር ለሚያስቡ ነው። የማነሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው። የኤን ኤች ኤስ (የሕዝብ ሕክምና አገልግሎቱ) የክፍያ ደንብ ሲነሳ የማወራው ስለ ኢንግላንድ ብቻ ነው፤ «እንግሊዝ» ስል ግን መላውን ዩናይትድ ኪንግደም ማለቴ ነው። ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው ደንብ አላቸው።

ከሁሉ በፊት፦ ኤን ኤች ኤስ ዕድር አይደለም

ዕድር ለዓመታት ከከፈሉ፣ ቀኑ ሲደርስ ድንኳኑም ወንበሩም ይመጣል። ኤን ኤች ኤስ እንዲህ አይሠራም። ሠላሳ ዓመት ታክስና ናሽናል ኢንሹራንስ (ከደመወዝ የሚቆረጠውን የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ) ቢከፍሉም፣ ፓስፖርትዎ የብሪታንያ ቢሆንም፣ ነፃ የሆስፒታል ሕክምና የሚያገኘው እዚያው የሚኖር ሰው ነው። ኑሮዎን ጠቅልለው ሌላ ሀገር ካደረጉ መብቱ አብሮዎት አይሄድም። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይናደዳል። «ያን ሁሉ ዓመት የከፈልኩት ለምንድን ነው?» ይላል። ንዴቱ ይገባኛል፤ ግን ሆስፒታሉ የሚጠይቀው የት እንደሚኖሩ እንጂ ስንት እንደከፈሉ አይደለም።

የከፈሉት ናሽናል ኢንሹራንስ ዋጋ የሚያወጣው በሌላ በር ነው። ስቴት ፔንሽን ያስገኝልዎታል። ስቴት ፔንሽን ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች፣ በኖርዌይ፣ በአይስላንድ፣ በሊክተንስታይንና በስዊዘርላንድ ለሚኖር ሰው ኤስ ዋን የሚባለውን ፎርም ያስገኛል። ኤስ ዋን ያለው ሰው በሚኖርበት አገር እንደ አገሬው ጡረተኛ ይታከማል፤ ወጪውን የምትሸፍነው እንግሊዝ ናት።

ችግሩ ያለው መሀል ላይ ነው። ሥራ ባቆሙበት ቀንና ስቴት ፔንሽን በሚጀምሩበት ቀን መካከል ያሉት ዓመታት ባለቤት የላቸውም። ኤን ኤች ኤስ የለም፣ ኤስ ዋንም ገና ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ያንን ክፍተት ስለ መሸፈን ነው።

ድሮ የነበረው በር መዘጋቱን ይወቁ

ቀድመው የሄዱ ጓደኞችዎ የሚሰጡዎት ምክር አብዛኛው ያረጀ ሊሆን ይችላል። ድሮ ቀድሞ ጡረታ የወጣ ሰው፣ በቅርብ ዓመታት የከፈለው ናሽናል ኢንሹራንስ ታይቶ፣ ወደ አውሮፓ ሲሄድ እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ የሚያገለግል ጊዜያዊ ኤስ ዋን ይሰጠው ነበር። እንግሊዝ ይህን ከጁላይ 1 ቀን 2014 ጀምሮ አቆመች። በ2007 ፈረንሳይም ሥራ የሌላቸውንና ጡረታ ያልደረሱትን የአውሮፓ ዜጎች ከሕዝብ ጤና መድኗ ልታስወጣ ተነስታ ነበር። ጩኸቱ ሲበዛ ቀድመው የገቡትን ተወቻቸው።

ከዚያ ብሬግዚት፣ የእንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት መውጣት፣ መጣ። እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ድረስ በአንድ የኅብረቱ አገር በሕጋዊ መንገድ ይኖሩ የነበሩ ብሪታንያውያን የድሮ መብታቸው በስምምነት ተጠብቆላቸዋል። ዛሬ የሚሄዱ ከሆነ ግን እርስዎ እንደ ማንኛውም የውጭ ዜጋ ነዎት። ያለ ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ነው የሚፈቀድልዎት። ስለዚህ «እኛ ስንሄድ ምንም አልተጠየቅንም» የሚል ሰው አልዋሸም። የሄደው በሌላ ዘመን ነው።

ደረጃ 1፦ ክፍተቱን በዓመት ይቁጠሩ

በመጀመሪያ የስቴት ፔንሽን ዕድሜዎን ያረጋግጡ። ከ2020 ጀምሮ 66 ነበር። ከ2026 እስከ 2028 ባለው ጊዜ ቀስ በቀስ ወደ 67 ይወጣል። ከማርች 6 ቀን 1961 ጀምሮ እስከ ኤፕሪል 5 ቀን 1977 ድረስ የተወለደ ሰው 67 ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ ለተወለዱት 68 በሕግ ተጽፎ ይጠብቃቸዋል። በመንግሥቱ ድረ ገጽ የልደት ቀንዎን ሲያስገቡ ትክክለኛውን ቀን ይነግርዎታል። በግምት አይሂዱ።

ምሳሌ እንውሰድ። በማርች 1968 የተወለደች ነርስ በ58 ዓመቷ፣ በ2026፣ ሥራ ልታቆም ፈልጋለች። ስቴት ፔንሽን የምታገኘው በማርች 2035 ነው። ክፍተቷ ዘጠኝ ዓመት ነው። ይህ ቁጥር የዕቅዱ ሁሉ መነሻ ነው። ዘጠኝ ዓመት በኢንሹራንስ መኖርና ሁለት ዓመት በኢንሹራንስ መኖር ፈጽሞ አንድ አይደሉም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ነርሷ የኤን ኤች ኤስ ሠራተኞች ጡረታዋን ቀድማ መጀመር ትችል ይሆናል። የግል ፔንሽንም ከ55 ዓመት ጀምሮ ይነካል፤ ከኤፕሪል 6 ቀን 2028 ጀምሮ ግን 57 ይሆናል። ገንዘቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን የመሥሪያ ቤት ጡረታም ሆነ የግል ፔንሽን ኤስ ዋን አያስገኝም። ኤን ኤች ኤስ ውስጥ 30 ዓመት የሠራች ነርስ እንኳ በዚያ ጡረታ ብቻ ኤስ ዋን አታገኝም። ቁልፉ ስቴት ፔንሽን ነው። ከሱ ሌላ ጥቂት የድጎማ ዓይነቶች አሉ፤ ለምሳሌ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሚከፈለው።

ባለትዳር ከሆኑ የባለቤትዎንም ዕድሜ ይቁጠሩ። ባለቤትዎ ስቴት ፔንሽን ከጀመሩና ኤስ ዋን ካላቸው፣ እርስዎ በሳቸው ሥር እንደ ጥገኛ የቤተሰብ አባል ሊመዘገቡ ይችላሉ። ጥገኛ ማን እንደሆነ የሚወስነው የሚኖሩበት አገር ነው። አምስት ስድስት ዓመት የሚበላለጡ ጥንዶች ክፍተታቸው በዚህ መንገድ በአንድ ጊዜ ሊዘጋ ይችላል። ብዙዎች ይህን ሳያውቁ ለዓመታት ኢንሹራንስ ይከፍላሉ።

ፓስፖርት ሳይሆን ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ያለዎት ከሆነ ደግሞ ቆም ይበሉ። ያልተገደበ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው በተከታታይ ከ2 ዓመት በላይ ከእንግሊዝ ውጪ ከቆየ ፈቃዱን ያጣል። ያኔ «ብታመም እመለሳለሁ» የሚለው ዕቅድ አብሮ ይፈርሳል። ዜግነቱን ሳይጨርሱ ጠቅልሎ መውጣት አልመክርም።

ደረጃ 2፦ የናሽናል ኢንሹራንስ ዓመታትዎን ይዩ

ኤስ ዋን የሚሰጠው ስቴት ፔንሽን ስለሚያገኙ ነው፤ የጡረታው መጠን አይታይም። ጡረታውን ለማግኘት ግን ቢያንስ 10 የተሟሉ ዓመታት ያስፈልጋሉ። ሙሉውን ለማግኘት ብዙውን ጊዜ 35። ዘግይተው ወደ እንግሊዝ የመጡ፣ ልጅ ሲያሳድጉ የቆዩ ወይም በጥቂት ሰዓት ሥራ የኖሩ ሰዎች ዓመታቸውን መቁጠር አለባቸው። ዘጠኝ ዓመት ያለው ሰው ምንም አያገኝም። አንድ ዓመት ሲጨምር ጡረታውም፣ አውሮፓ ከኖረ ኤስ ዋኑም ይመጣል።

የጡረታ ትንበያዎን በመንግሥት ድረ ገጽ ገብተው ያውጡ። «አልተሟላም» የሚል ዓመት ካለ ምን ያህል እንደጎደለ ይነግርዎታል። ብዙ ጊዜ መሙላት የሚቻለው ያለፉትን 6 ዓመታት ነው። እስከ 2006 ድረስ ወደ ኋላ መሙላት የሚቻልበት ልዩ ጊዜ በኤፕሪል 5 ቀን 2025 አብቅቷል።

ሂሳቡን እንሥራው። በ2025/26 በፈቃደኝነት የሚከፈለው የናሽናል ኢንሹራንስ ዓይነት፣ ሦስተኛው ክላስ የሚባለው፣ በሳምንት 17.75 ፓውንድ ነበር። በዓመት 923 ፓውንድ ይሆናል። አንድ ዓመት ለጡረታዎ የሚጨምረው የሙሉውን አንድ ሠላሳ አምስተኛ ነው። በዚያው ዓመት ሙሉው በሳምንት 230.25 ስለነበር፣ ጭማሪው በሳምንት ወደ 6.58፣ በዓመት 342 ፓውንድ ገደማ ነው። ጡረታ ከጀመሩ በኋላ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ገንዘቡ ይመለሳል። እንዲህ ያለ ነገር ገበያ ላይ አያገኙም።

ከኤፕሪል 6 ቀን 2026 ጀምሮ ግን ውጭ ለሚኖሩ ሕጉ ጠበቅ ብሏል። ውጭ ሀገር ሥራ ላይ ላሉ ሰዎች ይፈቀድ የነበረው፣ በሳምንት 3.50 ፓውንድ ብቻ የነበረው ሁለተኛው ክላስ ለውጭ ኗሪ ቀርቷል። ሦስተኛውን ለመክፈልም በእንግሊዝ የኖሩበት ወይም የከፈሉበት ጊዜ 10 ዓመት መሆን አለበት። ጎዶሎ ዓመት ካለዎት የሚቀለው ገና እዚያው እያሉ መሙላት ነው። ከወጡ በኋላ የሚሞላው ፎርም ሲ ኤፍ 83 ይባላል።

ደረጃ 3፦ አገሩን በሕክምናው በኩል ይመዝኑ

ስፔን። ሥራ ለማይሠራ ሰው የሚሰጠው ቪዛ «ኖ ሉክራቲቫ» ይባላል። በ2025 በወር 2,400 ዩሮ፣ ለእያንዳንዱ ጥገኛ ደግሞ ተጨማሪ 600 ዩሮ ገቢ ወይም ቁጠባ ማሳየት ይጠይቅ ነበር። ከዚያ የግል የጤና ኢንሹራንስ ይፈለጋል። እዚህ ላይ ሁለት ቃላትን ይያዙ፦ «ኮፓጎ» እና «ካሬንሲያ»። ኮፓጎ ሐኪም ባዩ ቁጥር ከኪስዎ የሚጨምሩት ነው። ካሬንሲያ ኢንሹራንሱ መክፈል እስኪጀምር የሚጠብቁት ጊዜ ነው። ቆንስላው ሁለቱም የሌሉበት ውል ይፈልጋል። ርካሹን ኢንሹራንስ ገዝተው ቪዛ የሚከለከሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚወድቁት እዚህ ጋ ነው። ሻጩን «ሲን ኮፓጎ፣ ሲን ካሬንሲያ» የሚል ደብዳቤ በስፓኒሽ ይጠይቁት።

ስፔን አንድ ዓመት ከኖሩ በኋላ ግን ጥሩ መንገድ አለ። «ኮንቬኒዮ ኤስፔሲያል» ይባላል። በወር እየከፈሉ የሕዝብ ጤና አገልግሎቱን ይገዛሉ። ከ65 ዓመት በታች 60 ዩሮ፣ ከዚያ በላይ 157 ዩሮ ነው። ዕድሜን ወይም ስኳርን ምክንያት አድርጎ የሚመልስዎ የለም፤ የግል ኢንሹራንስ አልቀበልም ያለው ሰው እዚህ ይገባል። ጉድለቱ የመድኃኒት ቅናሽ የለውም። በፋርማሲ ሙሉ ዋጋ ይከፍላሉ። ዓመቱ የሚቆጠረው በሕግ ነዋሪ ከሆኑበት ጊዜ ነው፤ በማዘጋጃ ቤቱ የነዋሪ መዝገብ፣ «ፓድሮን» በሚሉት፣ መገኘትም ይጠየቃል። እንደደረሱ በመጀመሪያው ሳምንት ይመዝገቡ።

ፈረንሳይ። ከ2016 ጀምሮ በሕጋዊ መንገድ 3 ወር የኖረ ሰው ወደ ሕዝብ ጤና መድኑ ማመልከት ይችላል። እስከዚያው ለቪዛው የግል ኢንሹራንስ ያስፈልጋል። ከገቡም በኋላ ሁሉም ነፃ አይደለም። ለምሳሌ የጠቅላላ ሐኪም ክፍያ 30 ዩሮ ነው። መድኑ 70 በመቶውን፣ ማለትም 21 ዩሮ ይሸፍንና 2 ዩሮ ይቀንሳል። 19 ዩሮ ይመለስልዎታል። የቀረውን ለመሸፈን ሰዎች «ሙቱዌል» የሚባል ተጨማሪ መድን ይገዛሉ። ደመወዝም ጡረታም የሌለው፣ ግን ከቤት ኪራይ ወይም ከአክሲዮን ደህና ገቢ ያለው ሰው በገቢው ላይ መዋጮ ሊጠየቅ ይችላል። ከኅብረቱ ውጪ የሚመጡ ሥራ የሌላቸውን ሰዎች የበለጠ ማስከፈል በ2025 መጨረሻ በፓርላማው መነጋገሪያ ነበር። ፈረንሳይን ከመረጡ የየዓመቱን የማኅበራዊ ዋስትና በጀት ሕግ ይከታተሉ።

ፖርቱጋል ቀለል ይላል። የመኖሪያ ፈቃዱን ካገኙ በአካባቢዎ ጤና ጣቢያ ሄደው የተጠቃሚ ቁጥር ያወጣሉ። ጣሊያን በዓመት እየከፈሉ ወደ ሕዝብ ሥርዓቱ በፈቃድ መግባት ይቻላል፤ ከ2024 ወዲህ ዝቅተኛው ክፍያ 2,000 ዩሮ ነው።

አየርላንድን ብዙ ሰው ይረሳታል። ፀሐይ የላትማ! ግን በሁለቱ አገሮች መካከል ባለው የቆየ ስምምነት የብሪታንያ ዜጋ ያለ ቪዛ ሄዶ መኖር ይችላል። በአየርላንድ ቢያንስ አንድ ዓመት ለመኖር ያሰበ ሰው እንደ ነዋሪ ይታያል፤ የሕዝብ ጤና አገልግሎቱንም ያገኛል። የቪዛ ኢንሹራንስ ጣጣ የለም።

ኢትዮጵያ። ብዙዎቻችን በልባችን ያለችው እሷ ስለሆነች በግልጽ ልናገር። እንግሊዝና ኢትዮጵያ የሕክምና ስምምነት የላቸውም። ኤስ ዋን አዲስ አበባ ላይ አይሠራም፤ 67 ዓመት ቢሞላዎትም አይሠራም። ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያው) መኖሪያውን ያቀልልዎታል እንጂ ሆስፒታል አይከፍልልዎትም። ስለዚህ ለኢትዮጵያ ክፍተቱ ዘጠኝ ዓመት አይደለም፤ ዕድሜ ልክ ነው። ስቴት ፔንሽኑ ይከፈልዎታል፣ ግን ኢትዮጵያ ውስጥ እስከኖሩ ድረስ በየዓመቱ አይጨምርም። በጀመሩበት ቁጥር ይቆማል። የሕክምና ዋጋ ግን አይቆምም። በጀትዎን ሲሠሩ ይህን ያስቡ። የልብ ወይም የሳንባ ችግር ካለብዎት ደግሞ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ እንዳለች ሐኪምዎን ያስታውሱት።

ደረጃ 4፦ ኢንሹራንሱን ከመፈረም በፊት ያንብቡ

የጉዞ ኢንሹራንስ ለኑሮ አይሆንም። ለአደጋና ለድንገተኛ ሕመም ነው፤ የቀን ገደብም አለው። የሚያስፈልግዎ ዓለም አቀፍ የጤና ኢንሹራንስ ወይም የአገሩ የግል ኢንሹራንስ ነው።

በመጀመሪያ የሚያዩት ነባር ሕመም እንዴት እንደተያዘ ነው። እኛ ቤት ደም ግፊትና ስኳር ያልገባበት ቤተሰብ ብርቅ ነው። አንዳንዱ ኢንሹራንስ ሁሉን ጠይቆ፣ መዝግቦ፣ «ይህን አልሸፍንም» ብሎ ይጽፋል። ሌላው ምንም ሳይጠይቅ ይሸጥልዎትና፣ ባለፉት ዓመታት የታከሙበትን ሁሉ ለተወሰነ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ለሁለት ዓመት፣ ያግዳል። ሁለተኛው ሲገዙት ይቀላል፤ ሲታመሙ ግን ክርክሩ ይጀምራል። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ቢያንስ የሚሸፈነውና የማይሸፈነው ወረቀት ላይ አለ። የደም ግፊት ኪኒን እየወሰዱ «ጤነኛ ነኝ» ብለው አይጻፉ። ትልቁ ሂሳብ ሲመጣ ኩባንያዎቹ ድሮ ጂፒዎ (የሰፈር ሐኪምዎ) የጻፉትን ፋይል ይጠይቃሉ፤ ውሉም ሊሰረዝ ይችላል።

ቀጥሎ ዋጋው በዕድሜ እንዴት እንደሚያድግ ይጠይቁ። በ58 የሚከፍሉትን ሳይሆን በ66 የሚከፍሉትን። ብዙ ኩባንያዎች አዲስ ደንበኛ የሚቀበሉበት የዕድሜ ጣሪያ አላቸው፤ ስለዚህ «ኋላ እገባለሁ» ማለት በሩ ላይ ያስቀራል። ዋጋውን ለማቅለል አሜሪካን ከሽፋኑ ያስወጡ። ከራስዎ የሚከፍሉትን የመጀመሪያ ድርሻም ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ግን ለስፔን ቪዛ ይህ አይሆንም። ወደ ኢትዮጵያ የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ ታካሚን ወደ ሌላ አገር የማጓጓዝ ሽፋን ይኑረው። ሆስፒታሎች ከኢንሹራንሱ ጋር በቀጥታ ይተሳሰባሉ ወይስ እርስዎ ከፍለው ነው የሚመለስልዎት? ይህንንም ይጠይቁ። በሌሊት ተቀማጭ ገንዘብ አምጡ ሲባል ልዩነቱ ይታያል።

ደረጃ 5፦ ከመውጣትዎ በፊት ባሉት ወራት

ገና ነዋሪ እያሉ የሚገባዎትን ሕክምና ይጨርሱ። የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና፣ የጉልበት ምርመራ፣ ጥርስ፣ ሁሉንም። የወረፋው ርዝመት የታወቀ ስለሆነ ይህን አንድ ዓመት ቀድመው ይጀምሩ። በኢንግላንድ ከ50 እስከ 74 ዓመት ላሉ ሰዎች በየሁለት ዓመቱ በፖስታ የሚመጣው የአንጀት ካንሰር ምርመራ ከአድራሻዎ ጋር የተያያዘ ነው። አድራሻው ሲቀር እሱም ይቀራል። በመሳቢያ ውስጥ የጣሉት ካለ አውጥተው ይላኩት።

የሕክምና ፋይልዎን በሙሉ ይጠይቁ። ጂፒዎ ነፃ ሊሰጡዎት ይገባል፤ መደበኛው ጊዜ አንድ ወር ነው። በኤን ኤች ኤስ አፕ ላይ የሚታየው ብዙ ጊዜ ሙሉው አይደለም። የመድኃኒትዎን ስም በንግድ ስሙ ሳይሆን በመሠረታዊ ስሙ ያጽፉ፤ የንግድ ስም ከአገር አገር ይለያያል። ከ3 ወር በላይ ውጭ ለሚቆይ ሰው ጂፒ መድኃኒት ማዘዙን አይቀጥልም፤ እዚያ ሐኪም እስኪያገኙ የሚበቃዎትን ይጠይቁ። ኢንሱሊን በእጅ ሻንጣ ይሁን፤ ከታች ከተጫነ ሊቀዘቅዝ ይችላል። በዱባይ የሚያልፉ ከሆነ ኮዴይንና ትራማዶል ያለ ሐኪም ወረቀት ጣጣ ያመጣሉ።

ሲወጡ ጂፒዎን «ጠቅልዬ እየሄድኩ ነው» ብለው ከመዝገቡ ይውጡ። ለታክስ መሥሪያ ቤቱ ፒ 85 የሚባለውን ፎርም ይላኩ። አንዳንዱ ሰው የልጁን አድራሻ ይዞ በድሮው ጂፒ ተመዝግቦ ይቆያል። በጂፒ መመዝገብ የሆስፒታል መብት አያረጋግጥም። ሆስፒታሉ በራሱ ይጠይቃል። በአውሮፓ ለአጭር ጉብኝት የምንጠቀምበት ጂ ኤች አይ ሲ ካርድም ለእንግሊዝ ነዋሪ የተሰጠ ነው። ስፔን ኖረው በኪስዎ የቀረውን የእንግሊዝ ካርድ ማሳየት ትክክል አይደለም።

ደረጃ 6፦ ልጆችዎን ሊጠይቁ ሲመለሱ

ለጉብኝት ወደ ኢንግላንድ ሲመጡ ነፃ የሆነው ጥቂት ነው። ጂፒ ማየት ነፃ ነው። ድንገተኛ ክፍል፣ ኤ ኤንድ ኢ የምንለው፣ ነፃ ነው። አንዳንድ ተላላፊ በሽታዎችም በነፃ ይታከማሉ። ግን ከድንገተኛ ክፍል ወደ መኝታ ክፍል «አስተኝተናል» የተባለ ጊዜ ሂሳቡ መቆጠር ይጀምራል። ከኤፕሪል 2015 ጀምሮ ያለው ደንብ፣ ነፃ የሚያደርገው ነገር ለሌለው ጎብኚ፣ ከኤን ኤች ኤስ ታሪፍ 150 በመቶ ያስከፍላል። የብሪታንያ ፓስፖርት አያድንም። አስቸኳይ ያልሆነ ሕክምና ከሆነ ከኦክቶበር 2017 ጀምሮ ቅድሚያ ክፍያ ይጠየቃል። አስቸኳይ ከሆነ ግን ክፍያ ስላልያዙ አይመልሱዎትም፤ ታክመው ቢሉን ኋላ ይልካሉ።

ስለዚህ ለእንግሊዝ ጉብኝትም የጉዞ ኢንሹራንስ ይግዙ። ወይም ዓለም አቀፍ ኢንሹራንስዎ እንግሊዝን እንደሚያካትት ያረጋግጡ። እንግሊዝ የሰጠችው ኤስ ዋን ያላቸው ጡረተኞች ግን ለጉብኝት ኢንግላንድ ሲመጡ በነፃ ይታከማሉ። ኤስ ዋን ጥሩ የሚሆነው በዚህም ጭምር ነው።

«ስድስት ወር እዚህ፣ ስድስት ወር እዚያ»ስ? የለንደንን ብርድ ሸሽተው በጋውን አዲስ አበባ የሚያሳልፉ አሉ። ስድስት ወር የሚል አስማተኛ ቁጥር በኢንግላንዱ ደንብ ውስጥ የለም። ሰው በሁለት አገር ነዋሪ ሊሆን ይችላል። ሆስፒታሉ የሚያየው ኑሮዎ በእንግሊዝ በእውነት የተተከለ መሆኑን ነው፦ የራስዎ ቤት አለ? ካውንስል ታክስ (ለአካባቢ አስተዳደሩ የሚከፈለው የቤት ግብር) ይከፈላል? ቤተሰብ አለ? በተደጋጋሚ እየተመላለሱ ነው? ቤቱን አከራይተው፣ ዕቃውን ጭነው፣ በዓመት አንድ ጊዜ ለገና የሚመጡ ከሆነ ነዋሪ ነኝ ማለት ያስቸግራል።

ደረጃ 7፦ ጠቅልለው ከተመለሱ

አንዳንዱ ሰው ይታመማል፣ አንዳንዱ ልጆቹ ይናፍቁታል፣ ይመለሳል። የብሪታንያ ዜጋ ከሆኑና ለመኖር ከተመለሱ የኤን ኤች ኤስ መብትዎ ከመጡበት ቀን ይጀምራል። የመጠበቂያ ወራት የሉም። ማሳየት የሚጠበቅብዎ ግን ለመኖር እንደመጡ ነው። የአንድ መንገድ ቲኬት፣ ውጭ የነበረውን ቤት የለቀቁበት ወረቀት፣ የዕቃ ጭነት ደረሰኝ፣ የኪራይ ውል ወይም የካውንስል ታክስ ደብዳቤ፣ የባንክ አድራሻ ለውጥ፣ እነዚህን በአንድ ፎልደር ይያዙ። ሆስፒታል ውስጥ የውጭ ጎብኚዎችን የሚያጣራ ሠራተኛ አለ። ፎልደሩ ለእሱ ነው። ለመታከም ብቻ መጥተው እንደገና ሊሄዱ ከሆነ ይህ አይሠራም።

የመንግሥት ድጎማ ግን ሌላ ፈተና አለው። እሱ ከሕክምናው ይለያል፤ ጥቂት ወራት ሊያስጠብቅ ይችላል። በዚያ ጊዜ የሚኖሩበት ገንዘብ ይያዙ።

ደረጃ 8፦ የጡረታ ቀኑ ሲደርስ

ስቴት ፔንሽን በራሱ ተነስቶ አይመጣም። መጠየቅ አለበት። ቀኑ ከመድረሱ 4 ወር ሲቀረው ውጭ ሆነው ለዓለም አቀፍ የጡረታ ማዕከሉ ያመልክቱ። አውሮፓ ከሆኑ፣ ጡረታው እንደተፈቀደ ወደ ኤን ኤች ኤስ የውጭ ሕክምና ክፍል ለኤስ ዋን ይጻፉ። ሁለቱ የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ናቸው፤ አንዱ ለሌላው ይነግረዋል ብለው አይጠብቁ።

ኤስ ዋኑ ሲመጣ በሚኖሩበት አገር ይመዘገባል። በስፔን ማኅበራዊ ዋስትና ቢሮ ካስመዘገቡ በኋላ ወረቀቱን ይዘው ወደ ሰፈርዎ ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ፤ ካርዱ የሚወጣው እዚያ ነው። በፈረንሳይ የአካባቢው የጤና መድን ጽሕፈት ቤት ነው፣ «ሴፓም» የሚሉት፤ እሱ «ካርት ቪታል» የሚባለውን የጤና መድን ካርድ ይሰጥዎታል። በፖርቱጋል መጀመሪያ ማኅበራዊ ዋስትና፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ። በዚያ አገር ሠርተው የዚያ አገር ጡረታም ካለዎት ግን ኃላፊነቱ የዚያ አገር ይሆናል፤ ኤስ ዋን አይሰጥዎትም።

የግል ኢንሹራንስዎን ኤስ ዋን በፖስታ በደረሰዎት ዕለት አያቋርጡ። ቢሮው መዝግቦ፣ ካርዱ ወጥቶ፣ አንድ ጊዜ ሐኪም ዘንድ ሄደው በካርዱ ከታከሙ በኋላ ያቋርጡት። በስፔን የግል ውሎች ብዙ ጊዜ በየዓመቱ በራሳቸው ይታደሳሉ፤ የመሰረዣ ደብዳቤው ከመታደሻው ቀን አንድ ወር ቀድሞ መድረስ አለበት። ያንን ቀን አሁኑኑ ካላንደርዎ ላይ ይጻፉት።